የጣልያን የመድፍ ጥይት ምን ይላል? ማኅተሙ፣ ልኩ፣ በመጨረሻም ቀለሙ

አፈር ውስጥ ከሰማንያ ዓመት በላይ የተኛ የመድፍ አረር ሲወጣ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ወገቡን የዞረ አረንጓዴ ቀለበት ይታይበታል። ያየው ሰው «አረንጓዴ ምልክት ያለበት» ብሎ ይመዘግበዋል። ቀለም ግን አይደለም፤ መዳብ ነው። አረሩ በመድፉ ቱቦ ውስጥ ሲገፋ ጠመዝማዛውን ቦይ ነክሶ እንዲሽከረከር ወገቡ ላይ የተጠመጠመለት የመዳብ ቀለበት ዝጎ ነው አረንጓዴ የመሰለው። ቀይ የሚመስለውም እንዲሁ ያሳስታል፦ የላይኛው ቀለም ተላጦ ሄዶ፣ ብረቱ እንዳይዝግ መጀመሪያ የተቀባው ቀይ መሠረት ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቡናማው ዝገት ነው። ጥቁሩ ደግሞ የጭስ ወይም የረግረግ አፈር ሥራ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የጣልያንን የጦርነት ዘመን የመድፍ ጥይት ለመለየት የተነሣ ሰው ቀለምን መጨረሻ ላይ ቢያነበው ይሻለዋል። ብረት ላይ የተመታ ማኅተም በዝገት ይደበዝዝ እንጂ ሌላ ፊደል አይሆንም፤ ልክም አይዋሽም። ቀለም ግን ይላጣል፣ ይለወጣል፣ ደግሞም ማንም በላዩ ሊቀባበት ይችላል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በቤተ መዘክር ዕቃ ለሚመዘግቡ፣ የአካባቢያቸውን የወረራ ዘመን ታሪክ ለሚያጠኑና ቤታቸው የአያት ቅርስ ለተቀመጠላቸው ሰዎች ነው።

ቃላቱን ከመነሻው እንለይ። «ጥይት» ስንል ሙሉውን ማለታችን ነው። «አረር» ከመድፉ ወጥቶ የሚሄደው ክፍል ነው። «ቀለህ» ባሩዱን የያዘው፣ ብዙ ጊዜ ከነሐስ የተሠራው እቃ ሲሆን ተኩሱ ካለቀ በኋላ መድፉ ዘንድ ይቀራል። «ፊውዝ» የምንለው አረሩን የሚያፈነዳው ክፍል ነው፤ አፍንጫው ላይ ወይም መቀመጫው ውስጥ ይገኛል።

መጀመሪያ ርቀት

ከዚህ በታች ያለው የመለካትና የማገላበጥ ሥራ በሙሉ የፈንጂ ባለሙያ መርምሮ ባዶ መሆኑን ላረጋገጠው ዕቃ ብቻ ነው። እርሻ ላይ፣ ገደል ሥር ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር ለወጣ አረር የሚሠራው ከርቀት ፎቶ ማንሣት፣ ቦታውን ከሩቅ በሚታይ ነገር ማመልከት፣ ሕፃናትንና ከብቶችን ማራቅና ለፖሊስ መንገር ነው። ልክ እንዲታወቅ ብሎ አጠገቡ እስክሪብቶ ማስቀመጥ እንኳ አያስፈልግም፤ ባለሙያው ከፎቶው ብዙ ነገር ያነባል።

ከፎቶው መጀመሪያ የሚያነበው ያንኑ የመዳብ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ላይ ዘመም ብለው እኩል እኩል የተቆረጡ መስመሮች ካሉ፣ አረሩ በመድፉ ቱቦ አልፏል ማለት ነው። ተተኩሶ፣ ዒላማው ላይ ደርሶ ወይም ስቶ፣ ሳይፈነዳ የቀረ ነው። የመድፍ ፊውዝ ደኅንነቱ የተጠበቀው ከመተኮሱ በፊት ነው፤ ተኩሱ ሲገፋውና አረሩ ሲሽከረከር ውስጡ ያሉት መቆለፊያዎች ይለቃሉ። መስመር ያለበት አረር እንግዲህ መቆለፊያው የለቀቀ፣ የሆነ ነገር ይዞት ብቻ የቆመ ነው። ያ «የሆነ ነገር» የዛገ ስፕሪንግ ወይም የታጠፈ መርፌ ሊሆን ይችላል። ቀለበቱ ለስላሳ ከሆነ አረሩ አልተተኮሰም፤ ተጥሎ ወይም ተቀብሮ የቀረ ነው። እሱም ቢሆን ሆዱ ሙሉ ነው።

ሁለት ነገር ሰውን ያዘናጋል። አንደኛው የሾለና ድፍን የሚመስል አፍንጫ ነው። አፍንጫው ላይ ፊውዝ የለምና «ብረት ብቻ ነው» ይባላል፤ ነገር ግን ብረት በሺ አረሮች ፊውዛቸው መቀመጫቸው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የጣልያን 47 ሚሊ ሜትር ብረት በሺ አረር ለምሳሌ ትንሽ ፈንጂና የመቀመጫ ፊውዝ ያለው ነው። ሁለተኛው የዕቃው ማነስ ነው። የጣልያን አየር ኃይል የ12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ የሚፈነዳ ጥይት ነበረው፤ ውስጡ ያለው ፈንጂ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፣ ጣት ለመቁረጥና ዓይን ለማጥፋት ግን ይበቃል። መዶሻ ይዞ ነሐሱን ከብረቱ ለመለየት የሚቀመጥ ቆራሌ ይህን ቢያውቅ ይድናል።

ስለ ፈንጂው ዓይነትም አንድ ቃል። በዘመኑ ጣልያኖች በብዛት የሞሉት ትሪቶሎ የሚሉትን ቲ-ኤን-ቲ ነው። በአሮጌዎቹ አረሮች ግን ፒክሪክ አሲድ ይገኛል። ይህ አሲድ ከብረት፣ ከመዳብና ከእርሳስ ጋር ሲገናኝ ከራሱ ይልቅ በቀላሉ የሚፈነዳ ጨው ይፈጥራል። ዕድሜ ፈንጂን ያደክመዋል የሚለው እምነት የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

47/32 ማለት ምን ማለት ነው

ጣልያኖች መድፋቸውን በሁለት ቁጥር ይጠሩታል፦ 20/65፣ 47/32፣ 65/17፣ 75/27፣ 100/17፣ 105/28። የመጀመሪያው የቱቦው ውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ግን ሚሊ ሜትር አይደለም፤ የቱቦው ርዝመት የስፋቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው የሚናገረው። 47ን በ32 ስታባዙ 1,504 ይመጣል፤ ቱቦው አንድ ሜትር ተኩል ግድም ነው ማለት ነው። 65/17 የተራራ መድፍ በዚሁ ስሌት አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በበቅሎ ተጭኖ ተራራ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ከጥይቱ ርዝመት ጋር ግንኙነት የለውም። «47/32 የሚል ስለሆነ 32 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት» ብሎ አረር የሚለካ ሰው ያጋጥማል። የቀለህ ርዝመት በሌላ አጻጻፍ ነው የሚነገረው፦ የ47/32 ቀለህ 47 በ227 ይባላል፤ 227ቱ የቀለሁ ቁመት በሚሊ ሜትር ነው።

ከእነዚህ ስሞች ቀጥሎ «ሞዴሎ 35» ወይም «ሞዴሎ 1913» የሚል ይመጣል። ይህ መድፉ ወይም አረሩ ለአገልግሎት የጸደቀበት ንድፍ ዓመት ነው እንጂ ጥይቱ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ሞዴሎ 35 የሚል ጥይት በ1941 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ስሙ ራሱ የተጠጋጋበትም ጊዜ አለ። ጣልያን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የወረሰቻቸው የኦስትሪያ መድፎች ብዙ ነበሩ፤ የሽኮዳ ፋብሪካ 75/13 የተራራ መድፍና 100/17 ከእነዚህ ናቸው። ጣልያኖች 77/28 የሚሉት መድፍ ትክክለኛ ስፋቱ 76.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኦስትሪያውያን ራሳቸው 8 ሳንቲ ሜትር ይሉት ነበር። አንድ መድፍ፣ ሦስት ቁጥር። ቀለሁ ላይ የኦስትሪያ ማኅተም ስላለ «ጣልያን አይደለም» ብሎ መደምደም ስለዚህ አይቻልም።

ልክ በክር

አረሩ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ካሊፐር (በሁለት መንጋጋ ይዞ ስፋት የሚለካ መሣሪያ) ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ የልብስ ስፌት ክር ይበቃል፤ እንዲያውም በጥንቃቄ ከተያዘ ከማስመሪያ የተሻለ ያመጣል። ክሩን አንድ ጊዜ አዙራችሁ ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ከዚያ ለ3.14 አካፍሉ። ስፋት በአንድ ሚሊ ሜትር ሲለይ ክሩ በሦስት ሚሊ ሜትር ስለሚለይ ስሕተቱ ያንሳል። 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክሩ 63 ያህል ይመጣል፣ 37 ከሆነ 116፣ 47 ከሆነ 148፣ 65 ከሆነ 204፣ 75 ከሆነ 236፣ የኦስትሪያው 76.5 ከሆነ 240፣ 100 ከሆነ 314፣ 105 ከሆነ 330።

የምትለኩት ቦታ ወሳኝ ነው። የመዳብ ቀለበቱ ላይ አትለኩ፤ ቦዩን እንዲነክስ ሆን ተብሎ ከአረሩ አካል ወፍሮ የተሠራ ነው። ትክክለኛው ቦታ አፍንጫው ማጠፍ ከመጀመሩ በፊት፣ ትከሻው አጠገብ ተስተካክሎ የተቆረጠው ለስላሳ ክፍል ነው። ዝገቱ በልቶት ወይም አብጦ ከሆነ ሦስት ቦታ ለክታችሁ ብዙ ጊዜ የተደገመውን ውሰዱ። 75ን ከ77 የሚለየው የክር ልዩነት አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም።

የቀለሁ መቀመጫ፣ ከቅርብ ሲታይ

ብሬዳ የተባለው የጣልያን 20 ሚሊ ሜትር ፈጣን መድፍ ባዶ ቀለህ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ቁመቱ 138 ሚሊ ሜትር ነው። ከታች ማውጫ ጥፍሩ የሚይዝበት ቦይ አለ፤ ከቦዩ ከፍ ብሎ ከቀለሁ አካል ወጣ ያለ፣ መቀነት የመሰለ ጠርዝ ይዞረዋል። ይህ መቀነት ነው ከሌሎች 20 ሚሊ ሜትሮች የሚለየው። ግን የጣልያን ብቻ አይደለም። የጀርመን ፀረ-አውሮፕላን መድፎች ፍላክ 30ና ፍላክ 38፣ የሶሎቱርን ፀረ-ታንክ ጠመንጃ፣ የጣልያኑ ስኮቲም ይህንኑ ጥይት ይተኩሳሉ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ቀለሁን አዙሮ መቀመጫውን ማየት ግድ ነው።

መካከል ላይ ክቡ መለኮሻ አለ። የመርፌ ጉድጓድ ካለበት ተመትቷል። ጉድጓዱ በጣም የሳሳ ከሆነ ግን ተመትቶ ያልተቀጣጠለ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መመታቱ ብቻ የባዶነት ማስረጃ አይደለም። በመለኮሻው ዙሪያ በክብ የተመቱ ፊደላትና ቁጥሮች ይነበባሉ። ኤስ-ኤም-አይ ካለ ሶቺዬታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና ነው። ቢ-ፒ-ዲ ሮም አቅራቢያ ኮሌፌሮ የነበረው ቦምብሪኒ ፓሮዲ ዴልፊኖ ነው። በአነስተኛ ጥይቶች ላይ ደግሞ ጂ-ኤፍ-ኤል፣ ማለትም የሌኮው ጁሊዮ ፊዮኪ ይታያል፤ የካፑዋና የቦሎኛ የመንግሥት ጥይት ፋብሪካዎችም የራሳቸው ማኅተም አላቸው።

ዓመቱ በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንዱ በተለመደው አቆጣጠር ሲሆን 36 ወይም 936 ተብሎ ይመታል፤ ሁለቱም 1936 እ.ኤ.አ. ናቸው። ሌላው በሮማ ቁጥር የሚመታው የፋሺስት ዘመን ዓመት ነው። ይህ አቆጣጠር የሚነሣው ሙሶሊኒ ወደ ሥልጣን ከመጣበት ከጥቅምት 28 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. ሲሆን እያንዳንዱ ዓመት በዚያው ቀን ይጀምራል። 1921ን ብትደምሩበት ዓመቱ የጀመረበትን የአውሮፓ ዘመን ታገኛላችሁ።

ለእኛ ግን የቀለለ መንገድ አለ። የፋሺስቱ ዓመት የሚገባው በእኛ ጥቅምት 18 ግድም ስለሆነ፣ አዲስ ዓመታችን ከገባ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ነው። ሁለቱ ዓመታት ከሞላ ጎደል ይደራረባሉ ማለት ነው። ስለዚህ የሮማውን ቁጥር ወስዳችሁ 1914 ደምሩ፤ የእኛው ዓመተ ምሕረት ይመጣላችኋል። 13 ከሆነ 1927 ዓ.ም.፣ 14 ከሆነ 1928 ዓ.ም.፣ 18 ከሆነ 1932 ዓ.ም.። የሚያስተው ከመስከረም መባቻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ላለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ያ ጊዜ ገና ካለፈው የፋሺስት ዓመት ጋር ይቆጠራል።

ሁለቱ ዓመታት አብረው ከተመቱ ደግሞ ጊዜው በጣም ይጠባል። 36 ከ14 ጋር ከሆነ ቀለሁ የተሠራው ከጥር እስከ ጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። 36 ከ15 ጋር ከሆነ ግን ከጥቅምት 28 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚስትበት ወጥመድ እዚህ አለ። ጽሑፉ በክብ ስለተመታ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ አይታወቅም። የሮማውን 11 ለመጻፍ መጀመሪያ መስቀለኛው፣ ቀጥሎ ቀጥ ያለው ሰረዝ ይመጣል፤ ቀለሁን ብትገለብጡት ሰረዙ ቀድሞ መስቀለኛው ይከተላል፣ ያ ደግሞ 9 ነው። 1925 ዓ.ም. የነበረው 1923 ዓ.ም. ሆነ ማለት ነው። 14 ወይም 16 ከሆነ ሹካ የመሰለው ፊደል አፉን ወደ ላይ መክፈቱን አይታችሁ ታቃኑታላችሁ። 19 ተገለበጠም ተቃና ያው 19 ነው። ሹካ የሌለበት ቁጥር ሲያጋጥም የፋብሪካውን ፊደላት ተከተሉ፤ እነሱ በሚቃኑበት አቅጣጫ ዓመቱም ይቃናል።

የቀለህ ዓመት የአረሩ ዓመት አይደለም። የነሐስ ቀለህ ተሰብስቦ፣ ታድሶ፣ እንደገና ይሞላ ነበር። ብሬዳ 20/65 ደግሞ ይህን መሰብሰብ የሚያቀል የተለየ ጠባይ አለው፦ ጥይቱ በአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ትሪ ይቀርብለታል፣ ከተኮሰ በኋላም ባዶውን ቀለህ አይወረውርም፣ ከወሰደበት ትሪ ላይ ይመልሰዋል። ትሪ ሙሉ ሆኖ የተገኘ የብሬዳ ቀለህ ሁሉ አልተተኮሰም ወይም ሁሉ ተተኩሷል ማለት ስለዚህ አይቻልም፤ አንድ በአንድ ነው የሚታየው።

ዓመቱ ስለ አገራችን ታሪክ የሚነግረው

መረብን ተሻግሮ ወረራው የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በፋሺስቱ አቆጣጠር ዓመት 13 ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ 14 የተመታበት ጥይት ያን ዕለት መረብ ላይ ሊኖር አይችልም፤ ለማይጨው ጊዜ፣ ለመጋቢት 22፣ ግን ሊደርስ ይችላል። አንድ ቤተ መዘክር «ከወረራው የመጀመሪያ ቀን የተገኘ» የሚል ካርድ ለጥፎ ከሥሩ የሮማ 15 ከታየ፣ መታረም ያለበት ካርዱ ነው።

በሌላው ጫፍም እንዲሁ። ጣልያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ የስዊዝ ቦይ ተዘጋባትና በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ሠራዊቷ በመርከብ የሚመጣ ስንቅና ጥይት ተቋረጠበት፤ የቀረው በአውሮፕላን የሚመጣ ጥቂት ነገር ነበር። ዓመት 18 የተመታበት እንግዲህ ለመድረስ የመጨረሻው ዕድል የነበረው ነው። 19 ያለበት በጣም ጥቂት መሆን አለበት። ጎንደር የወደቀው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፣ ዓመት 20 ከገባ አንድ ወር ቢሆነው ነው። 20 ወይም ከዚያ በላይ የተመታበት የመድፍ ቀለህ «ከጎንደር ጦርነት» ተብሎ ከቀረበ ከሊቢያ፣ ከቱኒዚያ ወይም ከአውሮፓ የመጣ፣ በሰብሳቢዎች እጅ የዞረ ነው።

በዚሁ ምክንያት «ኤፌቶ ፕሮንቶ» ወይም በአጭሩ ኢ-ፒ የሚባሉት፣ ታንክን በሚያተኩር የእሳት ጅረት የሚበሱት አረሮች ከእኛ አገር ጦር ሜዳ አይወጡም። አገልግሎት ላይ የዋሉት ከ1942 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ እዚህ ጦርነቱ አብቅቷል።

በቅንፍ የተዘጋች ትንሿ የላቲን አይ ፊደልም ጊዜን ታመለክታለች። ጀርመኖች የማረኩትን መሣሪያ በራሳቸው ስም መዝግበው መጨረሻው ላይ የትውልድ አገሩን ፊደል ይጨምራሉ፤ 47/32 በእነሱ 4.7 ሳንቲ ሜትር ፓክ 177 ሆኖ ያቺን ፊደል ይዟል። ጣልያን ከጦርነቱ በወጣችበት በ1943 እ.ኤ.አ. ብዙ ንብረቷ በጀርመኖች እጅ ገባ።

የተቀቡና የተመቱ ቃላት

ሣጥን ላይ፣ አረር ላይና ቀለህ ላይ የሚደጋገሙ ጥቂት ቃላትን ማወቅ ግማሹን ሥራ ያቀልላል። ቦሶሎ ቀለህ ነው፣ ስፖሌታ ፊውዝ፣ ካኔሎ መለኮሻ፣ ካሪካ ሙሌት፣ ሎቶ የምርት ምድብ። ግራናታ የሚፈነዳ አረር፣ ፔርፎራንቴ ብረት በሺ፣ ትራቻንቴ ብርሃን እየፈነጠቀ የሚሄድ፣ ፉሞጄና ጭስ፣ ኢንቼንዲያሪያ አቃጣይ ነው። ኤዘርቺታሲዮኔ ለልምምድ ማለት ሲሆን ኢነርቴ ደግሞ ፈንጂ የሌለው ነው። በእነዚህ ሁለት ቃላት ግን አትጽናኑ፤ የልምምድ ጥይት ባሩድ፣ መለኮሻና አንዳንዴም የጭስ ሙሌት ይኖረዋል።

ፊውዙ ዙሪያውን እንደ ሰዓት የተከፋፈሉ መስመሮች ያሉበት ቀለበት ካለው ጊዜ የሚሞላለት ነው። ዶፒዮ ኤፌቶ ከተባለ በጊዜም በመመታትም ይሠራል። እንዲህ ያለ ፊውዝ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሽራፕኔል ላይ ነው፤ ይህ አረር አየር ላይ ተከፍቶ የእርሳስ ድቡልቡሎች ወደ ፊት ይረጫል። እርሻ ላይ የአተር ፍሬ እጥፍ የሚያህሉ ከባድ ግራጫ ድቡልቡሎች ተበትነው ከታዩ፣ ባዶው የብረት ቆብና ፊውዙ በአካባቢው ሊኖር ይችላል።

ቅርጽም ይናገራል። የ47/32ን ሁለት አረሮች ጎን ለጎን ብታቆሙ፣ ብረት በሺው አጭርና ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ሲሆን የሚፈነዳው ረዥምና ወደ 2.4 ኪሎ ግራም ነው። ብዙ ሰው ብረት የሚበሳው ይከብዳል ብሎ ያስባል። ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ብረት የሚበሳው በፍጥነቱ ነው፣ በሰከንድ 630 ሜትር ግድም ይሄዳል፤ የሚፈነዳው ደግሞ ሥራው ፈንጂ መሸከም ስለሆነ በሰከንድ 250 ሜትር ይበቃዋል።

በመጨረሻ ቀለሙ

ቀለም ቋንቋ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራዊት የየራሱን ይናገራል። ስሕተቱ የሚመጣው የአንዱን መዝገበ ቃላት ይዞ የሌላውን ሲያነቡ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት በቀላሉ የሚገኘው የኔቶ ሠንጠረዥ ነው፦ ቢጫ ከባድ ፈንጂ፣ ቡናማ ባሩድ፣ ደማቅ ያልሆነ ሰማያዊ ልምምድ፣ ነጭ ብርሃን ሰጪ፣ ጥቁር ብረት በሺ፣ ፈዘዝ ያለ ቀይ አቃጣይ፣ ግራጫ መርዝ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ጭስ። ይህ የተስማሙበት ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1936 ወይም በ1941 እ.ኤ.አ. የተቀባን የጣልያን አረር በእሱ ማንበብ አደጋ ነው።

ቀይን ውሰዱ። የ1935 እ.ኤ.አ. ሦስት የጣልያን የእጅ ቦምቦች፣ ኦቶ፣ ብሬዳና ኤስ-አር-ሲ-ኤም፣ ፈንጂ ሲሞሉ ቀይ ነበር የሚቀቡት። በዛሬው ሠንጠረዥ ቀይ አቃጣይን ያሳያል። እንግሊዞች ዘንድ ደግሞ አረሩ ትከሻ ላይ የሚዞር ቀይ ቀለበት «ተሞልቷል» ማለት ነበር። አንድ ቀይ፣ ሦስት ንግግር። ቢጫም እንደዚሁ ነው፦ አሜሪካኖች በጦርነቱ መጀመሪያ የሚፈነዳውን አረር ሙሉውን ቢጫ ይቀቡ ነበር፤ ከሩቅ ስለሚያጋልጥ በኋላ አካሉን ወይራ አረንጓዴ አድርገው ጽሑፉን ብቻ ቢጫ አስቀሩት። ጀርመኖች የ20 ሚሊ ሜትር የሚፈነዳውን ቢጫ፣ ብረት በሺውን ጥቁር ያደርጉት ነበር።

ይህ የጀርመን ጉዳይ ከጣልያኑ ጋር በቀጥታ ይነካካል። ቀደም ብለን እንዳየነው የሁለቱ 20 ሚሊ ሜትር ጥይት በልክ አንድ ነው፤ በሰሜን አፍሪካና ጣልያን ውስጥ በአንድ ሜዳ ላይ ተቀላቅሏል። የጀርመን አረር ያለበት ቀለህ ከጣልያን መድፍ አጠገብ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። እንግሊዞችና አውስትራሊያውያንም የማረኳቸውን የጣልያን መድፎች ከነጥይታቸው ተጠቅመዋል፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ቶብሩክ ላይ መድፈኛ ያልሆኑ ወታደሮች ሳይቀሩ በእነሱ ይተኩሱ ነበር። የተማረከ ጥይት ሲደረደርና ሲመረመር የማራኪው ምልክት ይጨመርበታል።

ስለዚህ ቀለም ስትመዘግቡ የቀለሙን ትርጉም ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ። «ብረት በሺ» ሳይሆን «አፍንጫው ላይ ከጫፉ 15 ሚሊ ሜትር ድረስ ነጭ፣ ከሥሩ ቀይ መሠረት ይታያል» ይባል። የቀለበቱን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ከመቀመጫው ያለውን ርቀት፣ ዙሪያውን ሙሉ መሆኑን ወይም መቆራረጡን ጨምሩ። ድሮ የተቀባ ቫርኒሽ ከዕድሜ ብዛት ይቢጫል፤ በዚህም ሰማያዊው አረንጓዴ፣ ነጩ ክሬም ይመስላል። የመጀመሪያው ቀለም ተጠብቆ የሚገኘው ፀሐይና እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው፦ በመዳብ ቀለበቱ ጠርዝ፣ ፊውዙ ሥር፣ በተመቱት ፊደላት ጎድጓዳ ውስጥ።

በኋላ የተቀባን ቀለም ለመለየት አንድ ቦታ ብቻ ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የመዳብ ቀለበቱ ላይ የተኩስ መስመሮች ካሉ አረሩ በቱቦ አልፏል፤ ቱቦው ያንን መዳብ ፍቆታል። በመስመሮቹ ውስጥ ሳይቀር ንጹሕ ቀለም ከተገኘ ከተኩሱ በኋላ የተቀባ ነው። በዝገት ጉድጓድ ውስጥ የገባ ቀለምም እንዲሁ፣ ዝገቱ ቀድሞ ቀለሙ የተከተለ ነው።

መርዝን በቀለም ለመለየት መሞከር ጨርሶ አይገባም። ጣልያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነት ፈርማና አጽድቃ ሳለች፣ በየካቲት 1928 ዓ.ም. አምባ አራዳም ላይ በ105/28 መድፎች አርሲን የተባለ መርዝ የተሞሉ ከ1,300 በላይ አረሮች ተኩሳለች። አርሲን የተሞላው አረር በቅርጽ ከሌላው 105 ጋር ይመሳሰላል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ በአካሉ ላይ ቀለም ባይቀር ባዶ አያደርገውም። እንደ ቅባት ያለ እርጥበት የሚያወጣ ወይም ሲነካ ፈሳሽ የሚንቀሳቀስበት አረር ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ርቀው የሚያመለክቱት እንጂ የሚያሸቱት አይደለም።

ለቤተ መዘክርና ለቤት ዕቃ አንድ ነገር እንጨምር። ነሐስ ቀለህ በሎሚና በአመድ ታሽቶ ሲያበራ ያምራል፤ የአበባ ማስቀመጫ የሆኑት ሁሉ እንዲህ ታሽተዋል። ግን እያንዳንዱ ማሸት ከማኅተሙ ጠርዝ ይወስዳል፣ በቀለሁ ጎን በቀለም የታተመውን የባሩድ ዓይነትና የምርት ምድብ ደግሞ በአንድ ቀን ጨርሶ ያጠፋዋል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አንሱለት። የደበዘዘውን ማኅተም ለማንበብ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከጠረጴዛው ወለል ጋር ሊነካ እስኪል ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፤ ፊደሎቹ በጥላቸው ይወጣሉ። ቀለሁን በየሩብ ዙር እያዞራችሁ አራት ፎቶ አንሡ። በአንዱ ያልታየው ሰረዝ በሌላው ይታያል፤ 9ን ከ11 የሚለየው ብዙ ጊዜ ያ ሰረዝ የቆመበት ጎን ነው።